በኦታሲልዮ መዳፍ ላይ የተገኙት ጫጩቶች

ኦታሲልዮ ሞቶ የተገኘው ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ወንዙ ሞልቶ ጫካውን ከዋጠው ሁለት ወር አልፎት ስለነበር ሽማግሌው የተደፋው መሬት ላይ ሳይሆን ዛፍ ላይ ነበር፤ ደረቱ ዝቅ ባለ ቅርንጫፍ ላይ፣ እግሮቹና ቀኝ እጁ ደግሞ ሻይ በመሰለው ውሃ ውስጥ። ጭንቅላቱ ከኋላ በኩል ተፈንክቷል።

እኛ የቦካ ፍሪያ መንደር ሰዎች ገዳዩን ለማግኘት ሩብ ሰዓት አልፈጀብንም። «ናዛሪዮ ነው!» አልን። ናዛሪዮ ከወንዙ ላይኛው አገር መጥቶ እኛ ዘንድ ያገባ ሰው ነው። ሦስት ዓመት አብሮን በልቷል፤ ለእኛ ግን ያው መጤ ነበር። ውሃ ሲሞላ፣ ለጌጥ በሕይወቱ የምንሸጠው ዲስከስ ዓሣ ጫካው ውስጥ ገብቶ ይራባል፤ ስለዚህ ውሃው እስኪጎድል ማንም እዚያ መረብ እንዳይጥል በስብሰባ ወስነናል። እኔ የዓሣ አጥማጆች ማኅበር ጸሐፊ ስለሆንኩ እገዳውን በእጄ የጻፍኩት እኔው ነኝ። ጠባቂው ኦታሲልዮ ነበር። በዋዜማው አመሻሽ ላይ ናዛሪዮን መረብ ሲዘረጋ ያዘውና ከጫካው አባረረው። ናዛሪዮ ለእራት የሚሆን ዓሣ ፈልጎ ነው፣ ዲስከስ አልነካም። ግን ተናደደና ወደቡ ላይ ቆሞ «ዓሣህን ታቅፈህ ሙት!» ብሎ ጮኸ። ያልሰማ አልነበረም።

እናም ከትምህርት ቤቱ ምሰሶ ጋር አሰርነው። ይህን ስናገር ፊቴ ይቃጠላል። ሰው እንደ ፍየል አሰርን።

ከሁላችንም በላይ ያለቀሰው የሟቹ ታናሽ ወንድም፣ የማኅበራችን ሊቀመንበር ላኤርሲዮ ነው። ፖሊስ ያስጠራውም እሱ ነው። መርማሪዋ ለሌላ ጉዳይ ጎረቤት መንደር ስለነበረች አራት ሰዓት ላይ ደረሰች። ጁሬማ ትባላለች፤ አጭር፣ ሃምሳ ዓመት የሚሆናት፣ ሱሪዋን እስከ ጉልበቷ የጠቀለለች ሴት፣ የዓሣ አጥማጅ ልጅ።

«ስድስት ሰዓት ላይ ጀልባዬ ወደ ከተማ ትመለሳለች፤ አንድ ሰው ይዤ እሄዳለሁ» አለች።

«አስረን አስቀምጠንልዎታል» አላት ላኤርሲዮ።

«ጎበዞች! ታዲያ እኔን ምን አስጠራችሁኝ? ገመዱን እንድመርቅላችሁ ነው?»

 የሟቹ ልጅ ዙልሚራ በታንኳ ወደ ሬሳው ይዛት ሄደች። እዚያ የሆነውን የነገረችኝ ዙልሚራ ናት። ጁሬማ ቁስሉን አየች፤ ቁስሉ ላይ የዛፍ ቅርፊት ተለጥፏል። ቀጥላ ውሃው ውስጥ የተንጠለጠለውን እጅ ለረጅም ጊዜ ተመለከተች።

«ዙልሚራ፣ የኔ ልጅ፣ ከቻልሽ ነይና እዪ።»

መዳፉ ላይ ከሰሊጥ ብዙም የማይበልጡ የዓሣ ጫጩቶች ተለጥፈው ቆዳውን ይለቅማሉ።

«የዲስከስ ናቸው» አለች ዙልሚራ እንባዋን እየጠረገች። «የሚበሉት ከእናት አባታቸው ገላ ላይ ነው። አባዬ ላይ ምን ያደርጋሉ?»

«እናት አባታቸው ሲጠፉባቸው ያገኙት ገላ ላይ ተለጥፈዋል። ወላጅ ያጣ ጫጩት ስንት ጊዜ ይቆያል?»

«ምን ይቆያል! ሌላ ዓሣ ለቅሞ ይጨርሰዋል። ግማሽ ቀን ከቆየ ተአምር ነው።»

ጁሬማ ጫጩቶቹን በቅል ቀድታ ታንኳዋ ውስጥ አስቀመጠች። ወደቡ ላይ ሲደርሱም ቶሎ አልወረደችም፤ የማን የማን እንደሆኑ ዙልሚራን እየጠየቀች የታሰሩትን ታንኳዎች ገመድ አንድ በአንድ ዳበሰች። ከዚያ ላኤርሲዮን ጠራችው።

«ወንድምዎን ለመጨረሻ ጊዜ መቼ አዩት?»

«ትናንት፣ ከጸቡ በኋላ። ወደ ጥበቃው ጎጆ ሲሄድ። ያኔ ነው ተከትሎ የገደለው፣ ይሄ ወንበዴ!»

«ዛሬ ጠዋትስ የት ነበሩ?»

«የት እሄዳለሁ? ጉልበቴን አሞኝ ተኝቼ። ታንኳዬ ከትናንት ወዲህ አልተፈታችም።»

«አይ ጉልበት! የኔም በዝናብ ጊዜ አታስተኛኝም» አለችና ተወችው።

ናዛሪዮ ፊት ቁጢጥ አለች። «ሙት ብለኸዋል አሉ።»

«ብያለሁ። አፍሬበታለሁ። አባት የሚሆን ሰው ነው።»

«ገደልከው?»

«አልገደልኩም።»

«ከነጋ ወዲህ የት ነበርክ?»

«ካሳቫ ሳምስ። ሴቶቹን ይጠይቋቸው።»

ሴቶቹ አንድ አፍ ሆነው መሰከሩለት። «ከሌሊቱ አስራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ወሬው እስኪመጣ ከምድጃው አልተለየም» አለች ትልቋ። «ከወንዶቹ የሚያግዘን እሱ ብቻ ነው፤ ሌሎቹን የምናያቸው ሲቀርብ ነው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አላችሁ?»

«የሞተው ትናንት ነው ተባለ። ጠዋቱን ማን ጠየቀን?»

ከስድስት ሰዓት በፊት ጁሬማ ሁላችንንም ኤቫንድሮ ቤት ሰበሰበችን። ኤቫንድሮ የዓሣ ነጋዴ ነው። በበጋ ተይዞ ያልተሸጠው ዲስከስ የሚቀመጠው በሱ ተንሳፋፊ ቤት ውስጥ፣ በትልልቅ ሳፋዎች ነው። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ሳፋ በጨርቅ ምልክት ያደርጋል፣ የራሱን ዓሣም ራሱ ይቀልባል። ናዛሪዮንም ከነገመዱ አመጡት።

«ሳፋው ውስጥ ምን እንዳለ ታውቃለህ?» አለችው ነጋዴውን።

«እመቤቴ፣ የኔ ቤት ሆቴል ነው። ገቢ ወጪውን አልቆጥርም።»

ጁሬማ ከቅሉ ጥቂት ጫጩት ወደ መጀመሪያው ሳፋ ጠብ አደረገች። ዓሣዎቹ ተሻምተው ዋጧቸው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ሳፋ ላይም እንደዚያው ሆነ። አራተኛው ቀይ ጨርቅ የታሰረበት ነው፤ ከጥግ ሁለት ዲስከስ በድንጋጤ ጠቁረው ቆመዋል። ጫጩቶቹን ስታፈስ ሁለቱም ጎናቸውን ዘንበል አድርገው ሰጧቸው። ትንንሾቹ ሄደው ተለጠፉባቸው፣ መብላትም ጀመሩ። ቀይ ጨርቅ የማን እንደሆነ መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ዙልሚራ አጎቷን አየችው።

«ዓሣዎቹን ሌላ ሰው አኑሮብኝ ሊሆን ይችላል!» አለ ላኤርሲዮ።

«ይችላል፣ አቶ ላኤርሲዮ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልጀምር» አለች። «እነዚህ ጫጩቶች ትናንት ማታ ወላጆቻቸው ተወስደውባቸው ቢሆን ኖሮ ዛሬ በሕይወት አላገኛቸውም ነበር። ጥንዱ የተያዘው ዛሬ ሲነጋጋ ነው። የያዛቸው ሰው ጠባቂው ሲመጣበት ገፋው፣ ጭንቅላቱንም ግንድ መታው። ሲነጋ ደግሞ ናዛሪዮ ካሳቫ ሲያምስ ነበር። ፍቱት እንጂ፣ ምን ታያላችሁ?»

ሁለት ሰው ተሽቀዳድሞ ፈታው።

«አሁን የወደቡን ምሰሶ አስቡ። ውሃው በየሌሊቱ አራት ጣት ይጨምራል። ትናንት ማታ የታሰሩት ታንኳዎች ሁሉ ቋጠሯቸው ዛሬ ውሃ ውስጥ ሰጥሟል፣ ዳብሼ ነው ያገኘሁት። የእርስዎ ቋጠሮ ግን ከውሃው በላይ ነው፣ ደረቅ ነው። ከትናንት ወዲህ አልተፈታችም ያሏት ታንኳ ዛሬ ተፈትታ ነው የታሰረችው። የአርባ ዓመት ልማድ ነው፣ እጅዎ ሳያስብ ከውሃው በላይ አሰረ።»

ላኤርሲዮ ተቀመጠ። መቀመጫ መኖሩን እንኳ አላየም፣ ወለሉ ላይ ነው የተቀመጠው።

«ማናውስ ከተማ ያለ ገዢ ጫጩት ያሳደገ ጥንድ አምጣልኝ አለኝ» አለ። «አንድ ጊዜ ብቻ ብዬ ነው። ወንድሜ ደረሰብኝ። ምንም ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ‹ላኤርሲዮ፣ አንተ ነህ?› ብቻ ነው ያለኝ። ምነው በሰደበኝ! እገዳውን እኔ አይደለሁ ያወጣሁት? ዓይኑን አልቻልኩትም። እንዳያየኝ ነው የገፋሁት።»

«ሲወድቅ በሕይወት ነበር?»

«ዞሬ አላየሁም።»

ዙልሚራ አንዴ ጮኸችና አፏን ያዘች። ጁሬማ ግን አልጨረሰችም።

«አንድ ነገር ብቻ ይከነክነኛል። ሰው ሁሉ በሚነቃበት ሰዓት ታንኳ ገብቶ ማንም አላየም? ከወደቡ ፊት ለፊት ያለው ቤት የማን ነው?»

የኔ ነው።

 ዓይኖች ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ፤ ውሸት እንደማያዋጣ ገባኝ። «አይቼዋለሁ» አልኩ። «ጥርሴን ስፋቅ ነው። እርጥብ መረብና ክዳን ያለው ባልዲ ይዞ ወረደ። እንደምን አደርክ አለኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን አልኩት።»

«ናዛሪዮን ስታስሩ አላስታወስክም?»

«አስታውሻለሁ። ሊቀመንበራችን ነው... እንዴት ብዬ...»

 ናዛሪዮ የተላጠ አንጓውን እያሻሸ ወደ እኔ መጣ። ይመታኛል ብዬ ነበር፤ ቢመታኝ ደስ ይለኝ ነበር።

«እሱስ ወንድሙን አፍሮ ነው የገፋው» አለኝ ድምፁን ሳያነሳ። «አንተ ማንን አፍረህ ነው?»

 ስድስት ሰዓት ላይ ጀልባዋ ላኤርሲዮን ይዛ ሄደች። ከሰዓት በኋላ ናዛሪዮ ሚስቱንና ዕቃውን ታንኳ ላይ ጭኖ ወደ ላይኛው አገሩ ቀዘፈ። መንደሩ በሙሉ ወደብ ወርዶ ቆሞ ነበር። ሴቶቹ ካሳቫ በከረጢት ሞልተው ሰጡት፣ እሱም ተቀበላቸው። እኛ ወንዶቹም ቅር ብሎን ልናስቀረው ፈልገን ነበር፤ ግን በምን ፊታችን አትሂድብን እንበለው?