ሰባ አንድ አረንጓዴ ቀን

ጡረተኛዋ መምህርት የሞቱት ቦርዱ አረንጓዴ በሆነበት ቀን ነው።

የተገኙት በመናፈሻው አግዳሚ ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ነው። አንገታቸው ወደ ጎን አዘንብሏል። እጃቸው የአስም መድኃኒታቸውን እንደጨበጠ ቀርቷል። መድኃኒቱ አልቆ ነበር።

ቦርዱ ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ተሰቅሏል። ጣሪያው ላይ ያለው መሣሪያ የከተማውን አየር ይለካል፤ ቦርዱ ውጤቱን በቀለም ይናገራል። ቀይ ከሆነ ደጅ ላይ ቅጠልም ቆሻሻም ጎማም ማቃጠል ክልክል ነው፤ ደረቱን የሚያመው ሰውም ከቤቱ አይወጣም። አረንጓዴ ከሆነ ያሻህን አቃጥል። ያ ማክሰኞ ሰባ አንደኛው ተከታታይ አረንጓዴ ቀን ነበር። ሕዝቡ አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ፣ ዓይኑ በጭስ እያለቀሰ ቦርዱን ያነባል። አንብቦም ያምናል።

ጉዳዩ ለሳጅኗ ተሰጠ። ሳጅኗ ሰው ትንቃለች ይባላል። ሐሜት ነው። የምትንቀው ውሸታም ብቻ ነው፤ ሥራዋ ከሌላ ዓይነት ሰው ጋር ስለማያገናኛት ነው እንዲህ የሚወራባት።

"ተጠርጣሪው ታስሯል" አላት አለቃዋ። "ፈርሚና ዝጊው።"

ተጠርጣሪው የመናፈሻው አትክልተኛ ነው። ያሳሰረው ደግሞ የአካባቢ ጥበቃ ኃላፊው የጻፈው ደብዳቤ ነው። ሳጅኗ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበችው። "በዕለቱ የከተማችን አየር ንጹሕ ስለነበር፣ ሟችን ሊገድል የሚችለው ብቸኛው ጭስ የአትክልተኛው ነው" ይላል። ማኅተሙ ከጽሑፉ ይበልጣል።

ሽማግሌውን እስር ክፍሉ ድረስ ሄዳ አነጋገረችው።

"አባባ፣ ምን አቃጠሉ?"

"ግማሽ ጆንያ ቅጠል ነው፣ ልጄ። ቦርዱን አይቼ።"

"መምህርቷን ያውቋቸዋል?"

"ልጄን አስተምረዋታል። ጠዋት ጠዋት ሰላም ሳይሉኝ አያልፉም። እውነት እኔ ነኝ የገደልኳቸው?"

ከተፈረደበት ዕድሜውን እዚያው ይጨርሳል። ሳጅኗ ደብዳቤውን አጥፋ ኪሷ ከተተችውና ወጣች።

የሟች ልጅ ጣቢያው በር ላይ ቆማ ጠበቀቻት። "እናቴ ቦርዱን ሳታይ አትወጣም ነበር" አለቻት። "ጎረቤት 'እትዬ፣ ጭስ ነው ይመለሱ' ቢላት፣ 'የተማረ ሰው ለክቶታል' አለችው። ማን እንደገደላት ንገሪኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።"

ኃላፊው ሳጅኗን ማዘጋጃ ቤቱ ላይኛ ፎቅ ባለው ቢሮው ተቀበላት። መስኮቱ ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል። ጥግ ላይ ነጭ የአየር ማጣሪያ እንደ ድመት ያንኮራፋል። በሩ ላይ "ማጨስ ክልክል ነው" ይላል። ሽቶው ከእሱ ቀድሞ ይጨብጣል።

"መሣሪያው ተሳስቶ ይሆን?" አለችው።

"መሣሪያ አይዋሽም፣ ሳጅን። ሰው ነው የሚዋሸው።"

"እሱስ ልክ ነዎት።"

"እኛ በተግባር ነው የምናምነው። እኔ ለምሳሌ ሲጋራ በአፌ ዞሮ አያውቅም።"

አልጠየቀችውም ነበር። ያልተጠየቀውን የሚመልስ ሰው ደስ አይላትም።

መጀመሪያ የጠረጠረችው ግን የጡብ ፋብሪካውን ባለቤት ነው። ምድጃውን በአሮጌ ጎማ ስለሚያነድ ከተማው "ጎማው" ይለዋል። ቀይ ቀን ሲሆን ምድጃው ይዘጋል፤ አረንጓዴ ሲሆን ሌት ተቀን ይጨሳል።

"ማዘጋጃ ቤቱ ጣሪያ ላይ ማንን ላክህ?"

"ማንንም።"

"ሰባ አንድ ቀን አረንጓዴ ሲሆንልህ አልገረመህም?"

"ገርሞኛል። ታዲያ ለምን ቀይ አልሆነም ብዬ አቤት ልበል?"

ሳጅኗ ከጫማው እስከ ኮፍያው አየችው። የከተማውን ሳንባ አጥቁሮ ዓይኑን በጨው አጥቦ የሚመጣ ሰው ነው። ግን እንኳን ጣሪያ ደረጃ መውጣትም አይወድም። ስሙን ሰረዘችው፤ ንቀቷን አልሰረዘችም።

የቀረው ቴክኒሺያኑ ነው። በወር አንዴ ከሌላ ከተማ እየመጣ የመሣሪያውን ማጣሪያ ወረቀት ይቀይራል።

"የጣሪያው ቁልፍ አንተ ጋ ነው" አለችው።

"አንዱ። ሌላው ኃላፊው ጋ ነው።" ከቦርሳው ወረቀት አወጣ። "ይሄ የዚህ ወር ማጣሪያ ነው። በዚህ ጭስ እንደ ከሰል መጥቆር ነበረበት። ተመልከችው።"

ወረቀቱ ነጭ ነበር።

"ለምን አልተናገርክም?"

"ተናግሬ ነበር። ኃላፊው 'ደስ አይልህም?' አሉኝ።"

"ስለዚህ ደስ አለህ።"

ሳጅኗ የመሣሪያውን የየሰዓቱን ልኬት አሳትሞ እንዲያመጣላት አዘዘችውና ወረቀቶቹን ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋቻቸው። መስመሩ ሜዳ ነው። በሥራ ቀን ግን አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ጉብ ይልና ከደቂቃዎች በኋላ ይወርዳል። ዘጠኝ ተኩል ላይ እንደገና ጉብ ይላል። ቅዳሜና እሑድ ምንም የለም። አንድ ሙሉ ሳምንትም ምንም የለም። ለኃላፊው ጸሐፊ ደወለች። በዚያ ሳምንት ኃላፊው ሥልጠና ሄዶ ነበር።

ሳጅኗ የቢሮ ሰዓት የሚያከብር ጭስ አይታ አታውቅም። ቅዳሜና እሑድ የሚያርፍ፣ ሥልጠና የሚሄድ ጭስ።

በማግስቱ ጠዋት ከቴክኒሺያኑ ጋር ጣሪያ ወጡ። የመሣሪያው አየር መሳቢያ አፍ ላይ የፕላስቲክ ቱቦ ተገጥሟል። ቱቦው በጣሪያው ጠርዝ ወርዶ፣ ግድግዳው ላይ በተበሳ ቀዳዳ ወደ ውስጥ ይገባል። ቴክኒሺያኑ "ባለፈው ወር አልነበረም" ሊል ጀመረ፤ አየችውና ተወው።

ሰዓቷን ተመለከተች። አራት ሰዓት ከሃያ።

ወርዳ ኃላፊው ቢሮ ሳታንኳኳ ገባች። ክፍሉ ሲጋራ ሲጋራ ይሸታል። ኃላፊው የጠረጴዛውን መሳቢያ በጉልበቱ ዘጋው።

"በአፌ ዞሮ አያውቅም ብለውኝ ነበር።"

"እንግዳ ነበረብኝ፤ እሱ ነው ያጨሰው።"

"በየቀኑ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ?"

መልሱን አልጠበቀችም። ጥግ ላይ የቆመውን ቁም ሣጥን በትከሻዋ ገፋችው። የቱቦው አፍ ከኋላው፣ ልክ ከአየር ማጣሪያው አጠገብ ተለጥፏል። ከሰባ አንድ ቀን በላይ የከተማው አየር ተብሎ የተለካው አንድ ሰው ተጣርቶለት የሚተነፍሰው አየር ነበር።

"አንተ ነህ" አለችው። አንቱታው በዚያው ቀረ።

ኃላፊው ወንበሩ ላይ ተዘረፈጠ። "መምህርቷ ሲሞቱ አሥራ ዘጠኝ ቀን ነበር የቀረኝ" አለ። "ዘጠና አረንጓዴ ቀን ከሞላሁ ዋናው መሥሪያ ቤት ያሳድገኛል። ሰው ይሞታል ብዬ አላሰብኩም።"

"ሽማግሌውንስ? ሳታስብ ነው ያሳሰርከው?"

"አንድ ሰው ኃላፊነት መውሰድ ነበረበት።"

ሃያ ዓመት በሠራችበት ሥራ ብዙ ሌባ፣ ብዙ ነፍሰ ገዳይ አይታለች። ቢያንስ እነሱ ሲፈሩ ይታወቃሉ። እንዲህ የተጸየፈችው ሰው የለም። ስልኳን አነሣች። "አባባን ፍቷቸው" አለች ለጣቢያው። "ይቅርታ ጠይቋቸው፤ ቤታቸው ድረስ አድርሷቸው።" ቀጥላ ለመምህርቷ ልጅ ደወለችና እናቷን ማን እንደገደላቸው ነገረቻት። ልጅቷ "እሺ" አለች።

እጁን በካቴና አስራ ይዛው ወጣች። ከጡብ ፋብሪካውና ከቆሻሻ መጣያው የሚመጣው ጭስ መንገዱን ሞልቶታል። ኃላፊው ደጃፉ ላይ ቀጥ አለ። ከተዘጋ ቢሮ ወደ ተዘጋ መኪና ሲገባና ሲወጣ የኖረ ሰው ነው። አሳለው።

"ውጭ እንዲህ ነው እንዴ?" አለ።

"ሰባ አንድ ቀን አልፎታል።"

"በመኪና እንሂድ እንጂ። ደረቴን ያዘኝ።"

የፖሊስ መኪናው ሞተሩን አስነሥቶ ይጠብቅ ነበር። ሳጅኗ ለሾፌሩ ሂድ የሚል ምልክት ሰጠችው።

"በእግር ነው የምንሄደው" አለችው።