አዝመራ ሽመላዎቹን ስትሸኝ

አንድ ወንዝ ከጣና ሐይቅ ጋር በሚገናኝበት መንደር፣ አዝመራ የምትባል ልጅ ከአያቷ ከአባባ ቢያድግልኝ ጋር ትኖር ነበር።

መጋቢት ሲገባ፣ እግረ ረጃጅም ነጫጭ ሽመላዎች ወንዙ ዳር ይሰበሰባሉ። ከዚያ ተነሥተው ወደ ሩቅ አገር ይሄዳሉ።

በአፋቸው «ቀጭ! ቀጭ! ቀጭ!» ያደርጋሉ።

የአባባ ዓይን ደክሟል፤ ሩቅ አያይም። ጆሯቸው ግን ደህና ነው።

«ልጅ ሳለሁ በየዓመቱ እሸኛቸው ነበር» አሉ አባባ። «ዘንድሮ ዓይን ትሆኚኛለሽ?»

«እሆናለሁ!» አለች አዝመራ። እጃቸውን ይዛ ወደ ወንዙ ወሰደቻቸው።

ሽመላዎቹ ጭቃው ውስጥ እንቁራሪት ይለቅማሉ። «ቀጭ! ቀጭ! ቀጭ!»

አባባ ድምፃቸውን ሰምተው ፈገግ አሉ።

አዝመራ ግን ሲበሩ ለማየት ቸኮለች። እየሮጠች «ብረሩ! ሂዱ!» ብላ ጮኸች።

ፍርርር! ሁሉም ተነሥተው ሄዱ፤ ከወንዙ ማዶ አረፉ።

አባባ ጆሯቸውን ወደ ማዶ አዞሩ። ምንም አይሰማም። ፈገግታቸው ጠፋ።

የአዝመራ ዓይን እንባ አቀረረ። «አባባ፣ እኔ ነኝ ያባረርኳቸው።»

«ነይ፣ አጠገቤ ተቀመጪ» አሉ አባባ። «እንግዳን አያጣድፉትም፤ ራሱ ሲነሣ ይሸኙታል።»

አዝመራ ዝም አለች። አባባም ዝም አሉ።

ቡፍ! ጉማሬ ከውሃው ብቅ አለ። አዝመራ የአባባን እጅ ጥብቅ አድርጋ ያዘች፤ ግን አልጮኸችም።

አዝመራ ዝም አለች። አባባም ዝም አሉ።

ዝንብ አፍንጫዋ ላይ አረፈ። እሽ እንኳ አላለችውም!

አዝመራ ዝም አለች። አባባም ዝም አሉ።

ፀሐይዋ ሞቅ ስትል አንድ ሽመላ ተመለሰ። ቀጥሎ ሁለት። ቀጥሎ ብዙ፣ ብዙ፣ ብዙ!

«ቀጭ! ቀጭ! ቀጭ!»

«አባባ፣ ሰሙ?» አለች አዝመራ በሹክሹክታ።

«ሰማሁ ልጄ፣ ሰማሁ!»

ድንገት አንዱ ክንፉን ዘረጋ። ሌሎቹም ተከተሉት።

«በረሩ አባባ! እየዞሩ፣ እየዞሩ ከፍ ይላሉ። አሁን ከዋርካው በላይ ናቸው። አሁን… አሁን የጤፍ ፍሬ አከሉ!»

አባባ ብድግ ብለው የጋቢያቸውን ጫፍ አውለበለቡ። «በሰላም ግቡ! በሰላም ግቡ!»

አዝመራም አብራ «በሰላም ግቡ!» አለች።

«ልጅ ሳለን ከእህቴ ከይፍቱ ጋር እንዲህ እያልን ነበር የምንሸኛቸው» አሉ አባባ። ጉንጫቸው በእንባ ርሷል፤ ፊታቸው ግን ይስቃል።

ሲመሽ አዝመራ አባባ ጉያ ገባች።

«አባባ፣ እህትዎ ልጅ ሳለች ምን ትመስል ነበር?»

አባባ ፀጉሯን ዳሰሱ። ግንባሯን ዳሰሱ። ትንሿን አፍንጫዋን ዳሰሱ።

«አንቺን» አሉ።