ዝግጁ ምርት፦ ጎረቤት ቤት

«ጠንከር አድርገሽ ተጫኚው እንጂ! ዳቦ እየዳበስሽ ነው እንዴ?» አላት አጎቷ።

ሚጡ የእንጨቱን ማኅተም በሁለት እጇ ተጫነችው። ሳሙናው ጠርዙ ላይ ስንጥቅ አለ። ማኅተም የሚመታው ሳሙናው ገና ለስላሳ ሳለ ነው፤ ይሄ ግን ከሱቅ የተገዛ፣ ደርቆ ድንጋይ የሆነ፣ የፋብሪካው ስም በቢላ የተፋቀለት ሳሙና ነበር። ለብ ባለ ውሃ ቢነክሩትም በጄ አላለም። አንድ ካርቶን ሙሉ እንዲህ እያንገራገረ የእናቷን ማኅተም ተቀበለ።

ነገሩ የመጣው እንዲህ ነው። የሚጡ እናት ግቢው ጥግ ባለችው የቆርቆሮ ክፍል የልብስ ሳሙና ትሠራለች። ዘይቱንና ኮስቲክ ሶዳውን በርሜል ውስጥ ቀላቅላ ለሰዓታት በዱላ ታማስላለች። ሰባት ዓመት ሙሉ ስታማስል ኖራ አሁን ቀኝ ትከሻዋ ጸጉር ለማበጠር እንኳ እምቢ ብሏታል። ሐኪሙ «ወይ ማማሰሉን ይተዉ፣ ወይ ክንድዎን ይሰናበቱ» ብሎ ቁርጡን ነግሯታል። ማማሰያ ማሽን ካልተገዛ ሥራው አበቃለት ማለት ነው። ያለው አንድ በር የክልሉ መንግሥት ለአነስተኛ ንግዶች የሚሰጠው ብድር ነው። ቤት አስይዙ አይልም፤ ባለሙያ ልኮ ሥራውን ያያል። ማመልከቻውን የጻፈችው የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዋ ሚጡ ናት፤ ሦስት ጊዜ ቀዳ፣ ሦስት ጊዜ እንደገና ጽፋ።

ታዲያ ደብዳቤው ከች አለ፦ «ባለሙያ ማክሰኞ ይመጣል። ለሽያጭ የደረሰ ምርት ይዘጋጅ።»

ጉድ ፈላ! የደረሰው ሳሙና ባለፈው ሳምንት አንድም ሳይቀር ተሽጧል። መደርደሪያው ላይ ያለው ከተቆረጠ ገና ስድስት ቀኑ ነው፤ በጣት ሲነኩት ይሰረጉዳል። እናቷ ደግሞ ወር ሳይሞላው ሳሙና ከግቢ አታስወጣም።

የእናቷን ታናሽ ወንድም የሠፈሩ ሰው «መላ አያጣም» የሚለው በከንቱ አይደለም። በማግስቱ ያንን ካርቶን ተሸክሞ ገባ። እናቷ አየችውና «ይሄ ነገር አልጣመኝም» አለች፤ ግን ትከሻዋን እያሸች ዝም አለች። ሚጡማ ዝም ብትል እንኳ ደግ ነበር፤ ማኅተሙን የመታችው እሷው ናት።

ማክሰኞ ባለሙያዋ መጣች። ጫማዋ በጭቃ ተለውሷል፤ ጣቶቿ የቢሮ ማኅተም ቀለም ነክቷቸው ሰማያዊ ሆነዋል። በርሜሉን አየች፣ ዱላውን አንስታ መዘነችው፣ እናትየውን «ይሄን ነው ሰባት ዓመት ያማሰሉት? ጀግና ነዎት!» አለቻት። ከዚያ ከተደረደረው የሱቅ ሳሙና ሦስት ፍሬ አንስታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

«ለኮሚቴው አሳያለሁ። ቆንጆ ሳሙና ነው።»

ሚጡ ቦርሳውን ትክ ብላ አየችው። የእናቷ ሰባት ዓመት በሰው ሳሙና ሊመዘን ነው! አጎቷ በዓይኑ «አፍሽን ያዢ» ይላታል። ዝም ብትል ማሽኑ ይመጣል። ብትናገር ደግሞ፣ የእናቷ ትከሻስ?

«ይቅርታ፣ እሱን አይውሰዱት» አለች። ድምጿ ቀጥኖ ወጣ። «የኛ አይደለም። ከሱቅ ነው የተገዛው። ማኅተሙን የመታሁት እኔ ነኝ።»

«ኧረ ልጅ ናት! የምትለውን አታውቅም!» አለ አጎቷ ዘሎ።

«ታውቃለች» አለች እናቷ። «እውነቷን ነው። ዝም ያልኩት እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ።»

ባለሙያዋ ሦስቱን ሳሙና አንድ በአንድ አውጥታ መለሰች። «ይዤው ሄጄ ቢደረስበት ኖሮ ሁለተኛ ማመልከት አትችሉም ነበር። የሆነውን ሁሉ እጽፋለሁ፤ ራሳችሁ መናገራችሁንም እጽፋለሁ። የናንተው የታለ?»

ሚጡ ወደ መደርደሪያው ወሰደቻት። የባለሙያዋ ጣት ሳሙናው ውስጥ ጥልቅ አለ።

«ይሄማ ጭቃ ነው!»

«ገና ስለሆነ ነው። ሳይደርቅ ብንሸጠው ሚዛን ላይ ይከብዳል፣ ሲያጥቡበት ግን ወዲያው ሟሙቶ ያልቃል። እናቴ ‹ውሃ አልሸጥም› ትላለች።»

«አንድ የደረቀ እንኳ የላችሁም?»

«አምስት ደቂቃ ይስጡኝ!» ብላ ሚጡ በሩን በርግዳ ወጣች።

ስትመለስ ብቻዋን አልነበረችም። የሰው ልብስ እያጠበች የምትተዳደረው ጎረቤታቸው፣ ክንዷ እስከ ክርኗ አረፋ እንደለበሰ፣ ያለቀ ሳሙና ጨብጣ ከኋላዋ ከተፍ አለች።

«ሳሙናዬን ብቻውን አልሰድም ብዬ ነው የመጣሁት!» አለች ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም። «ይኸው፣ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። የሱቁ ሳምንትም አይቆይልኝ። ለሷ ካላበደራችሁ ለማን ልታበድሩ ነው?»

ባለሙያዋ ሳቋ አመለጣት። ሳሙናዋን ተቀብላ ከቧንቧው ሥር ቁጭ አለችና ጣቶቿን አሸች። ሰማያዊው ቀለም ከአረፋው ጋር ወረደ። እጇን አገላብጣ አየችው፤ አሽትታም አየችው። ከዚያ ቅጿን ከፈተች።

«ቅጹ ‹ዝግጁ ምርት› ይላል እንጂ የት መቀመጥ እንዳለበት አይልም» አለችና እየጻፈች አነበበችላቸው፦ «ዝግጁ ምርት፦ ጎረቤት ቤት፣ በሥራ ላይ።»

አጎቷ ካርቶኑን አነሳና ማንንም ሳይሰናበት ወጣ። ከዚያን ቀን ወዲህ ደጃቸውን አልረገጠም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የተፈቀደላቸው ሰዎች ዝርዝር በብድር ጽሕፈት ቤቱ አጥር ላይ ተለጠፈ። ሚጡ በሰው ብብት ሥር ሾልካ ፊት ደረሰች። ከላይ ሦስተኛው የእናቷ ስም ነው!

«እማ! አለሽ! አለሽ እኮ!»

እናቷ ያን እምቢተኛ ትከሻዋን ረስታ ሁለት እጇን ወደ ላይ ወረወረች። «አያያያ!» አለች ወዲያው፣ እያመማትም እየሳቀች። ዘበኛው ሳይቀር አብሮ ሳቀ። ሚጡ እንደዚያን ቀን እናቷን ስትስቅ አይታት አታውቅም፤ እሷም ደስታው አላስቆም ብሏት ቤት እስኪደርሱ ዘለለች።

ማሽኑ ቅዳሜ ጠዋት በጭነት መኪና መጣ። ከባድ ነው! ሾፌሩና ረዳቱ እስከ በሩ አድርሰውት ወገባቸውን ይዘው ቆሙ። ከመንገዱ ማዶ፣ ግድግዳ ተደግፎ፣ አጎቷ ያያል።

«ያን ሳሙና የገዛው ብስክሌቱን ሸጦ ነው» አለች እናቷ ቀስ ብላ። «ለኔ ብሎ። አሁን ሥራ የሚሄደው በእግሩ ነው።»

ሚጡ አላወቀችም ነበር። ማሽኑን አየችው፣ ማዶውን አየች፣ ከዚያ መንገዱን ተሻገረች።

«አጎቴ፣ ማሽኑ ከበደን።»

«ሰው ሞልቷል። እኔ እንደሆን ውሸታሙ ነኝ።»

«ማኅተሙን ስመታ አጠገብህ ነበርኩ እኮ። ለብቻህ አልዋሸህም።» እጅጌውን ያዘችው። «ና በቃ። ማሽኑን መጀመሪያ የምታስነሳው አንተ ነህ። እማ ብላለች።»

እናቷ እንዲህ ያለ ነገር አላለችም። ሚጡም ይህን ታውቃለች፤ ገና ደጁ ሳይደርሱ፣ እውነቱን ለእናቷ ራሷ እንደምትነግራት ወስናለች።

አጎቷ መንገዱን ተሻግሮ መጣና እጅጌውን ሰበሰበ። «እስቲ ዞር በሉ፤ ይሄ በጎኑ ነው የሚገባው» አለ።