ድምፅ የሚበሉ ዛፎች

በጽሞና አምባ የሚኖር ሰው ውሻው መጮኹን የሚያውቀው በአፉ መከፈት ነበር። ዝናቡ በጣሪያ ላይ ሲወርድ ይታያል እንጂ አይሰማም። ልጅ ሮጦ ቢያልፍ፣ በር ተወርውሮ ቢዘጋ፣ ድምፁ ጆሮ ሳይደርስ አየር ላይ ይቀራል። ሰው ከሰው የሚነጋገረው ክንድ ለክንድ ተጠጋግቶ ነው፤ ከዚያ ያለፈውን ቃል ዛፍ ይወስደዋል። ይህም ለነዋሪው ድንቅ አልነበረም። ከእንጦጦ ግርጌ፣ ከሚተረማመሰው ከተማ በላይ፣ እንዲህ ያለ ቤት የሚገዛ ሰው የሚገዛው ይህንኑ ጸጥታ ነበርና።

ጸጥታውን የሚጠብቁት ዛፎች ድምፀ-በል ይባላሉ፤ ድምፅን በቅጠላቸው እየጠጡ በዚያው የሚያድጉ ማለት ነው። ቁመናቸው የዝግባ ነው። የሞተርን ጩኸት እንደ ገለባ ይውጡታል እንጂ አይጠግቡበትም፤ የሚያለመልማቸው ከሕያው ጉሮሮ፣ ከትንፋሽ ጋር የወጣ ድምፅ ብቻ ነው። ዶክተር ይመኙሻል ስትፈጥራቸው «ሰው ባለበት ድምፅ አይታጣም» ብላ ነበር። ነዋሪው ግን ጸጥታውን ለመደ፤ ለምዶም መናገርን ተወ። ባልና ሚስት በምልክት ይግባቡ ጀመር። ዛፎቹም ተራቡ፤ ቅጠላቸው ገርጥቶ በየመንገዱ ረገፈ።

የሠፈሩ ኮሚቴ ቁርጡን ነገራት። ክረምቱ ሳይወጣ ካላገገሙ ዛፎቹ ተነቅለው በምትካቸው ግንብ ይቆማል፤ እርሷም የተሰጣትን ቤትና የምርምር ጣቢያዋን ታስረክባለች። ዕድሜዋን የጨረሰችበት ሥራ በአንድ ክረምት ላይ ተንጠለጠለ።

በዚያ ሁሉ ቢጫ መካከል ግን አንድ ዛፍ አረንጓዴ ሆኖ ቆሞ ነበር። የቆመውም በጋሽ ወንድይራድ ግቢ ነው። ጋሽ ወንድይራድ በጡረታ የተገለሉ ዳኛ ናቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ጥሩወርቅ ያረፉት በሚያዝያ ነበር።

ይመኙሻል አንድ ማለዳ የዛፍ ማዳመጫዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ወደዚያው ሄደች። በሩን አንኳኳች፤ መልስ ስታጣ ገፋ አድርጋ ገባች። ሽማግሌው ጥቁር ካባቸውን ደርበው ከግንዱ ሥር ተቀምጠዋል። አፋቸው ተከፍቷል፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፤ የሚሰማ ነገር ግን አልነበረም። የታመሙ መስሏት ሮጠች። ክንድ ያህል ስትቀርብ ድምፁ እንደ ተገነጠለ በር ደረቷን መታት።

«ጥሩዬ! የቤቴ ምሰሶ! ለማን ጥለሽኝ ሄድሽ!»

ቆማ ቀረች። ሽማግሌው ሰው መኖሩን ሲያዩ ፊታቸውን በካባቸው ጠርገው ቀና አሉ።

«ሳያንኳኩ ሰው ቤት መግባት ነውር መሆኑን ሳይንስ አላስተማረሽም?»

«አንኳኩቻለሁ ጋሼ። ዛፉ በልቶት ነው።»

«የማን ዛፍ ሆነና! ልጅሽን ቅጪ እንግዲህ።»

ሳቅ አመለጣት፤ ወዲያውም አፈረች። ማዳመጫውን ከቅርፊቱ ስታስጠጋ የመሣሪያው መስተዋት ከዳር እስከ ዳር በራ። ከየትኛውም ዛፍ እንዲህ ያለ ጥጋብ አንብባ አታውቅም።

«በየማለዳው ነው?» አለች።

«ሌላ ምን ሥራ አለኝ? እርሷ ስትሞት ከኮሚቴያችሁ አንድ አጽናኝ ተላከልኝ» አሉ። አጽናኝ በጎማ የሚሄድ፣ የሰው ፊት የተሣለበት መሣሪያ ነው፤ ሐዘን ወደ ገባበት ቤት ሁሉ በጎረቤት ፈንታ ይላካል። «‹ነፍስ ይማር› አለኝ። ቀጥሎ ‹በአገልግሎታችን ረክተዋልን?› ብሎ ጠየቀኝ። ድንኳን ልትከል ብል ሣሩ ይጎዳል ተባልሁ። እኔ ባደግሁበት አገር፣ ልጄ፣ ሰው ሲሞት ጠላት እንኳ ይመጣል። ወንበር ስቦ ይቀመጣል፤ የሚለው ባይኖረው አቀርቅሮ ይቀመጣል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባል ነበር። እዚህ ያገኘሁት የቅርብ ጎረቤት ይህ ግንድ ነው።»

ይመኙሻል ቤቷ ከእርሳቸው ቤት በአጥር ብቻ የተለየ ነበር። ለቅሶ አልደረሰችም፤ እርሷም እንደ ሌላው አጽናኙ ይበቃል ብላ አርፋለች። መሣሪያዋን ከአንገቷ አውልቃ ከጎናቸው መሬት ላይ ተቀመጠች።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ ጋሼ።»

«ዘገየሽ» አሉ ሽማግሌው፤ «ግን በእግርሽ መጣሽ።»

ከዚያ ወዲያ በየማለዳው ትሄድ ጀመር። ሐዘንተኛ ቤት ባዶ እጅ አይገባምና ያላትን ቋጥራ ትይዛለች። ሽማግሌው በረንዳው ላይ ሁለት ወንበር አውጥተው ይጠብቋታል። መጀመሪያ አብረው አለቀሱ፤ ኋላ ስለ ሟቿ ማውራት መጣ።

«እኔ ችሎት ላይ ስንቱን አስፈራርቼ ቤት ስገባ» አሉ አንድ ቀን፣ «ጫማዬን በር ላይ ታስወልቀኝና ‹ያው ፍርድ ቤትህ እዚያ ቀረ፤ እዚህ ይግባኝ የለም› ትለኝ ነበር።»

«እርስዎስ ምን ይሉ ነበር?»

«ምን እላለሁ? ቅጣቱን እፈጽማለሁ። ሽንኩርት እከትፋለሁ!»

ከልባቸው ሳቁ። ካባቸውንም በዚያው ቀን አወለቁ። ይመኙሻል ለብዙ ዓመት እንዲህ ያለ ማለዳ አላየችም ነበር፤ ለማዳመጫዋም ትኩረት ያልሰጠችው ስለዚህ ነው። ኋላ ስታስተውል መስተዋቱ ደብዝዟል፤ የዛፉም ጫፍ ቢጫ ሆኗል። ለዛፉ የሁለት ሰው የለሆሳስ ጨዋታ ጥርስ አይሞላም። የለመደው ከአንጀት የሚወጣ ዋይታ ነበር።

የኮሚቴው ሊቀመንበር ወይዘሮ አምሳለ በማግስቱ ይመኙሻል ቤት ድረስ መጡ። ሥርዓት ያላቸው፣ ቃላቸው የለዘበ ሴት ናቸው። ክንድ ለክንድ ተጠጉና ጠየቁ።

«ዶክተር፣ ተስፋችን ያ ዛፍ ነበር። ምን ነካብን?»

ውሸት ያልለመደች ናትና ሁሉን ነገረቻቸው። ወይዘሮ አምሳለ በጥሞና ሰሙ፤ ፊታቸውም እየበራ ሄደ።

«ታዲያ መድኃኒቱ ተገኘ ማለት ነው! እርስዎ አይሂዱ፤ እርሳቸው ያለቅሱ።»

«ወይዘሮ አምሳለ፣ ሽማግሌ እኮ ናቸው! ብቻቸውን ናቸው!»

«ብቻቸውን መሆናቸው መቼ ዛሬ ተጀመረ? ደግሞስ የወደደ ያስለቅሳል ይባል የለ?» ብለው ፈገግ አሉ። «በየቤቱ ሐዘንተኛ አይጠፋም። አንዷ ልጇን ቀብራለች፤ አንዱን ሚስቱ ትታው ሄዳለች። ማንም ሰው ሐዘንተኛ ቤት እንዳይሄድ ደንብ እናወጣለን። አጽናኙንም እናስቀራለን። ‹የግል ሐዘንን ማክበር› ብንለው ስሙም ያምራል። በዓመት ውስጥ ሠፈራችን ጫካ ይሆናል።»

«ይህንን እኔ አልፈርምበትም።»

«ፊርማዎንማ ማን ጠየቀዎ? እንዳይሄዱ ብቻ ነው የለመንንዎ። ያለዚያ ግንቡ ይቆማል፤ ቤቱንም ለሌላ ሰው እናዘጋጃለን።»

ሴትዮዋ ከሄዱ በኋላ ይመኙሻል በቤቷ ውስጥ ወዲያ ወዲህ አለች። ለአንድ ሳምንት ብቻ ነው፣ አለች በልቧ፤ ዛፉ ነፍስ እስኪዘራ። በዚያ መካከል ሌላ ምግብ እፈልግለታለሁ። ሽማግሌውም ይረዱኛል፤ ዳኛ አይደሉም? ራሷን ለማታለል የምትደረድረው ምክንያት ሁሉ በደንብ የተሠራ ነበር፤ የተማረ ሰው ራሱን ሲያታልል ማስረጃ አያጣም።

በማግስቱ አልሄደችም። በሦስተኛውም ቀን አልሄደችም። በመስኮቷ ስታይ ሁለቱ ወንበሮች በረንዳው ላይ ነበሩ፤ በአንዱ ሽማግሌው ተቀምጠው መንገድ መንገዱን ያያሉ። ኋላ ካባቸውን ደርበው ወደ ግንዱ ሲሄዱ አየች። መጋረጃውን ሳበችው።

ሳምንቱ ሲሞላ ኮሚቴው በሙሉ ከአጥሯ ሥር ተሰበሰበ። ዛፉ ከጫፍ እስከ ግርጌ አቆጥቁጧል። እያንዳንዱ ሰው በአጥሩ ላይ የተዘረጋውን ቅጠል በጣቱ እያሻሸ ያደንቃል። ወይዘሮ አምሳለ ይመኙሻልን አቅፈው ሳሟት፤ ቤቱ የእርሷ መሆኑንም በጆሮዋ ነገሯት።

በዚያ መካከል ጋሽ ወንድይራድ ከቤታቸው ወጡ። በእነዚያ ቀናት ውስጥ ጎብጠዋል። ከአጥሩ ማዶ ቆመው ዓይናቸው በሰዉ መካከል ሲፈልግ ቆየና እርሷ ላይ አረፈ። ፊታቸው በራ። በሁለት እጃቸው አጥሩን ጨብጠው ጠሯት። አፋቸው ሲከፈት፣ ሲዘጋ፣ እንደገና ሲከፈት ታየ። ስሟን ነው የሚጠሩት፤ ከከንፈራቸው አነበበችው። ደግሞ ጠሯት። በመካከላቸው ዛፉ ነበርና አንዲት ፊደል እንኳ አላለፈችም። ነፋስ ሳይኖር ቅጠሉ ሁሉ ተንቀጠቀጠ፤ ሰዉም በደስታ አጨበጨበ፤ የጭብጨባውም ድምፅ አልተሰማም።

ይመኙሻል ሰላምታ እንደሚሰጥ ሰው እጇን አነሣች። ዓይኗ ግን ከሽማግሌው አፍ ሸሽቶ፣ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ እየዘለለ፣ አዲሱን እንቡጥ ይቆጥር ነበር።