ቁም ሳጥን ውስጥ የተቆለፈው አሲድ

የሦስት ዓመቱ ሕፃን አስከሬን ከተነሣ በኋላ መርማሪዋ ወጥ ቤቱ ውስጥ ቀረች። ወለሉ ላይ የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ተጋድሟል፤ የያዘው ግን የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ነው። ሕፃኑ ውሃ መስሎት ተጎንጭቶታል። አሁን በረኪናውም ሳሙናውም መደርደሪያው ጫፍ ላይ ወጥቷል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼው ነው።

«ሠራተኛዋ ናት» አለች እናትየው። «ጄሪካኑን ከዕቃ ማጠቢያው ሥር አንሥታ ራሷ ቀዳችው።»

ሠራተኛዋ እጇ በካቴና ታስሮ ታለቅሳለች። «እትዬ ናቸው ቀድተው የሰጡኝ።»

«ዓይኗን በጨው አጥባ ስትዋሽ እዩልኝ።»

ነገሩ የአንዷ ቃል በሌላዋ ቃል ላይ ከሆነ የማን ቃል እንደሚያሸንፍ መርማሪዋ አታጣውም። ስንቷ ምስኪን እንዲህ ሆና ወህኒ ስትወርድ አይታለች።

ጄሪካኑን ከማጠቢያው ሥር አውጥታ አገላበጠችው። ጎኑ ላይ በእስክሪብቶ የተሰመሩ ሰባት መስመሮች አሉ፤ እያንዳንዱ ከላይኛው በጣት ያህል ዝቅ ይላል። ቂጡ ላይ ሰማያዊ የሱፍ ክር ተጣብቋል። መኝታ ቤት ገብታ ቁም ሳጥኑን አስከፈተች። ታች የታጠፈው ሰማያዊ ሹራብ በጄሪካኑ ቂጥ ልክ ተቃጥሏል።

«የዚህ ቁልፍ ማን ጋ ነው?» በሩ ላይ የቆመውን የእናትየውን ባል ጠየቀችው።

«ሚስቴ ጋ። ከአንገቷ አይወርድም።»

ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰበቻቸውና ጄሪካኑን አስደፍታ፣ ክዳኑን ገጥማ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «ባዶ ነው። እስቲ ክፈቱት።»

ሠራተኛዋ ክዳኑን አሽከረከረችው፤ ቀጭ ቀጭ አለ እንጂ አልተከፈተም። ባልየውም ሞክሮ አቃተው።

«ተጭነህ ነዋ የምታዞረው» አለች ሚስቱ ተሰላችታ፤ ወዲያው ከፈተችው።

«ሕፃናት እንዳይከፍቱት የተሠራ ክዳን ነው» አለች መርማሪዋ። «እሷም ባልዎም ከፍተውት አያውቁም። ጄሪካኑ የሚቀመጠው ሹራቡ ላይ፣ ቁልፉ ደግሞ አንገትዎ ላይ ነው። የዕለቱን እየሰፈሩ በውሃ ጠርሙስ ይሰጧታል፤ እንዳትሰርቅዎ የቀረውን በመስመር ምልክት ያደርጋሉ።»

እናትየው ቁልፉን ጨበጠች። «ታባክናለቻ። ደግሞ እኔ ቆልፌበታለሁ።»

«የቆለፉት ከእሷ ነው። ከልጅዎ አይደለም።»

ካቴናው ተፈታ። ሠራተኛዋ የእጇን አንጓ እያሻሸች ቀስ ብላ ተናገረች። «ጠርሙሱን ከፍ ያለ ቦታ ላድርገው ብዬ ነበር፣ እትዬ። ትደብቂዋለሽ፣ እዚያው ወለሉ ላይ ይታየኝ አሉኝ።»

ባልየው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«አዎ፣ ብያለሁ» አለች እናትየው፣ ማንም ሳይጠይቃት።