ከብርቱካኔ በላይ የተሰቀለው መብራት

ገዳዩ አባዬ ነው! ወላሂ! ሰዳም አይደለም፣ መብራቱም አይደለም፣ አባዬ ራሱ! በቃ አመለጠኝ። አሁን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፣ መቀመጥ እንኳ አቅቶኛል።

አባዬ ወረታ ገበያ ላይ ጨርቅ ይሸጣል። ነፍሱ ያለችው ግን ሳሎናችን ውስጥ፣ ትንሿ የጨው ውሃ የዓሣ ሳጥን ላይ ነው። ውስጧ ኮራል እሚባሉ አበባ መሳይ የባሕር እንስሳት፣ ሽሪምፕ እምትባል አንዲት ባለ ብዙ እግር፣ እና ብርቱካኔ የምንላት ዓሣ ነበሩ። ትናንት ሰዳም አዲስ ኤልኢዲ መብራት ሰቀለላት። ሰዳም ኤሌክትሪሺያን ነው፣ እህቴን ኢክላስን ሊያገባ ሽማግሌ ልኳል፣ አባዬ መልስ እሚሰጠው አርብ ነው። ደግሞ አጭር ነው፣ በርጩማ ላይ ወጥቶ ሲሰቅል በሳቅ ሞትን!

ዛሬ ጠዋት ብርቱካኔ በጀርባዋ ተንሳፋ አገኘናት። ሽሪምፗም ሞታለች።

አባዬ ሳሎኑን ይዞረዋል። «መብራቱ ነው የፈጃቸው! አንዲት ዓሣ ማኖር ላቃተው ልጄን አልሰጥም! ሽማግሌዎቹ እንዳይመጡ!» ኢክላስ ታለቅሳለች። ተጠርቶ የመጣው ሰዳም በር ላይ ቆሟል። እኔ በረርኩና ጎረቤታችንን እትዬ አይናለምን ጠራኋቸው። የፖሊስ መርማሪ ነበሩ፤ ጡረታ ከወጡ ወዲህ እኛን ነው እሚመረምሩን።

«ሰዳም፣ ና እስኪ። ምን ያህል ነው ያበራኸው?»

«ደብዛዛው ላይ ነው፣ እትዬ። ኮራሎቹ እስኪለምዱት ቀስ እያልኩ ልጨምር ነበር። በአንዴ ከበራባቸው ይነጣሉ።»

ኮራሎቹን አዩ። አልነጡም። የመብራቱን ገመድ ዳሰሱ።

«ይኸ ለምን ከሶኬቱ በታች ረገበ?»

«ውሃ ቢወርድበት ሶኬቱ ጋ ሳይደርስ መሬት እንዲንጠባጠብ።»

«ጎበዝ።»

ከዚያ መስኮቱ ሥር ጎንበስ ብለው የሞተ ትንኝ በእፍኝ አፈሱ። የመብራቱን ጀርባ በጣታቸው ጠረጉና አሸተቱ። በር ላይ የተሰቀለውን የአባዬን ነጭ ኮፍያም አሸተቱ!

«ኮፍያዬ ደግሞ ምን አረገ?» አለ አባዬ።

ይኸኔ እማዬ ገባች። አክስቴ ስለወለደች ሰሞኑን እሷ ጋ፣ አንበሳሜ ከተማ ነበረች። ዘንቢሏን ሳታስቀምጥ «ማነው የሞተው?» አለች።

«ብርቱካኔ።»

«ወይ ጉድ፣ ሰው መስሎኝ!»

«ሀጂራ፣ እንኳን መጣሽ» አሉ እትዬ አይናለም። «ሁላችሁም ተቀመጡ።»

አባዬ ብቻ አልተቀመጠም።

«መብራቱ ቢሆን ቀድመው እሚነጡት ኮራሎቹ ነበሩ። አሁን ግን ክረምት ነው፣ የሩዙ ማሳ ውሃ ይዟል። ሲመሽ ትንኙ መብራት ወዳየበት ይጎርፋል፤ ለዚህ አይደል ሁላችን አጥፍተን እምንቀመጠው? ይኸ ግን ለኮራሎቹ ሲባል በርቶ አመሸ። ትንኙ ሳሎኑን ሞላው። አንድ ሰው ፍሊት አነሳና ወደ ላይ፣ ወደ መብራቱ ነፋ። ፍሊቱ ተመልሶ ውሃው ላይ ወረደ። ሽሪምፕ የትንኝ ዘመድ ናት፣ ትንኝ የገደለ እሷን አይምራትም። ዓሣዋም ተከተለች።» ኮፍያውን ከማንጠልጠያው አወረዱ። «ወደ ላይ የነፋ ሰው ደግሞ ራሱም ላይ ይወርድበታል፤ ይኸም ፍሊት ፍሊት ይሸታል።»

አባዬ መዞሩን አቆመ። ትናንት ማታ ሳሎን ብቻውን ዜና ሲያይ ያመሸው እሱ ነው!

«እኔ ነኝ!» አለች እማዬ።

ምን?!

«ማታ እኔ ነኝ የነፋሁት። ኮፍያውንም እኔ አርጌው ነበር።»

ዘንቢሏ እኮ ገና እጇ ላይ ነው! የአንበሳሜ ጭቃ ጫማዋ ላይ ነው!

እትዬ አይናለም እሷን አዩ፣ አባዬን አዩ። ኮፍያውን ቀስ ብለው መልሰው ሰቀሉት። «እንግዲህ፣ አንቺ ካልሽ…»

አባዬ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሴትዮ፣ ሁለተኛ ፍሊት እንዳትነኪ» አላት። ወላሂ እንዲህ አለ! ቀጥሎ ሰዳምን ሳያየው «ሽማግሌዎቹ አርብ ይምጡ።»

ኢክላስ እማዬ ላይ ተጠመጠመች። ሰዳም የእትዬ አይናለምን እጅ ሳመ። እኔ ብቻ ተቃጠልኩ። አርብ አባዬ ለሽማግሌዎቹ «ሀጂራ ዓሣዬን ፈጀችብኝ» እያለ ሲስቅ፣ እማዬ ሻይ እያቀረበች ዝም ልትል ነው። ብናገር አባዬ በሰው ፊት ያፍራል፣ እልህ ይይዘዋል፣ የኢክላስም ነገር ያበቃል። ዝም ብል ደግሞ እማዬ!

እናንተ ብትሆኑ ምን ታረጉ ነበር? ንገሩኝ በአላህ፣ ነገ እኮ አርብ ነው!