የሳህኑ ጎዶሎ

ዳይሬክተሩ ግሌብ ለፊልም ከእንጨት በተሠራችው የጠፈር መርከብ ውስጥ፣ ጠባቧ መኝታ ላይ ሞቶ ተገኘ። በመስኮቷ አጮልቃ ያየችው ተዋናይቷ ኢንጋ ናት። አልከፈት ያለውን በር በመዶሻ ሲሰብሩት ነጭ ጭስ ወለሉ ላይ ፈሰሰ።

መርማሪው ዛካር ኢሊች ኦዴሳ ወደብ አጠገብ ካለው የፊልም አዳራሽ ሲደርስ፣ የደራሲዋ የኔሊ እጅ በካቴና ታስሮ ነበር። ትናንት «የኢንጋን ፊት በጭስ ከሸፈንከው እገድልሃለሁ!» ብላ ግሌብ ላይ ስትጮህ ያልሰማ የለም። ሌላ ሰው ካልተገኘ ዛሬውኑ ወህኒ ልትወርድ ነው።

ዛካር የተሰበረውን በር መረመረ። መቀርቀሪያው ውስጥ ነጭ የሸክላ ስባሪ ተሰንቅሯል። በወረንጦ አውጥቶ ኪሱ ከተተው።

«ጭሱ ከምን መጣ?» ሲል ካሜራማኑን ሳቬሊን ጠየቀው።

«ከደረቅ በረዶ። ውሃ ላይ ሲጣል ይጨሳል። ያለሱ የኛ መርከብ ምንድን ናት? የድንች ሣጥን!»

«ታች የሚተኛ ጭስ ነው። አየር ያሳጣል። ግሌብ እዚያ ምን ይሠራ ነበር?»

«ተዋናይ የሚተኛበት ላይ እሱ ቀድሞ ካልተኛ አይሆንለትም። ሁላችንም እናውቃለን። ይልቅ እገድላለሁ ያለችውን አይጠይቋትም፣ ዛካር ኢሊች?»

«ባለቤቴም በየእሁዱ ትለኛለች። ይኸው አለሁ።»

ኔሊ ዓይኗ አብጧል።

«ለምን እገድለዋለሁ? አመሻሽ ላይ እኮ ታረቅን። ‹ልክ ነሽ፤ ጨለማችን ያምራል፣ ሰው ግን የለበትም። ነገ ጭስ የለም፤ አንድ አምፖልና ፊቷ ብቻ› አለኝ።»

«ሳቬሊ ሰማ?»

«ሰማ። ዝም አለ። እሱ ሲጮህ ነው ደግ።»

ዛካር ሁሉንም መርከቧ አጠገብ ሰበሰባቸው። የፊልም ሰዎች ሥራ በጀመሩ ቀን ካሜራው እግር ላይ ሳህን ሰብረው ለዕድል ይካፈላሉ፤ ፊልሙ እስኪያልቅ ስባሪው ከኪስ አይወጣም።

«ድርሻችሁን አውጡ» አለ።

አወጡ። የግሌብንም ከኪሱ አመጡለት። ዛካር ጠረጴዛ ላይ ገጣጠማቸው። የሳቬሊ ብቻ እንቢ አለ፤ ቢያዞረው ቢገለብጠው አልገጥም አለ።

«ሳህኑ ሁሉ ከአዳራሹ ካፌ ነው፤ የኔም ያው ነው!» አለ ሳቬሊ።

«የሳህኑ ዓይነት አንድ ነው፤ ስብራቱ ግን ይለያያል።» ዛካር ከበሩ መቀርቀሪያ ያወጣውን ስባሪ ጎዶሎው ላይ አኖረው። ልክክ አለ።

«ዛሬ ጭስ ያዘዘ የለም። ግሌብ ሲተኛ መኝታው ሥር በረዶና ውሃ አኑረህ ነበር፤ በሩን ከውጭ ሰነቀርከው። በጥድፊያ እጅህ ያገኘው ኪስህ ውስጥ ያለውን ስባሪ ነው። መልሰህ ሳትነቅለው ኢንጋ ደረሰች። ያኔ ካፌ ሄደህ ሌላ ሳህን ሰበርክ።»

ሳቬሊ ጠረጴዛውን ያዘ።

«ያን ጨለማ እኔ ነኝ የሠራሁት! ዕድሜዬን! በአንድ አምፖል ሊያጠፋብኝ? የሚያለቅስ ፊት ገበያ ሞልቷል!»

ዛካር የኔሊን ካቴና ፈትቶ ለሱ አጠለቀለት። ግሌብ ለዛሬው ቀረጻ ያንጠለጠላት አምፖል ከሳቬሊ ራስ በላይ ትበራ ነበር። ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፤ እንባው አገጩ ላይ ወረደ።

ኔሊ የእጇን አንጓ እያሸች ቆማ አየችው።

«ግሌብ የፈለገው እንዲህ ያለ ፊት ነበር» አለች።

ካሜራው አጠገባቸው ነበር። የነካው የለም።